ዮካይ፦ ስለ ጃፓን የተረት ፍጥረታት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አኒሜ የሚያይ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ዘጠኝ ጭራ ያለው ቀበሮ ወይም ባንድ እግሩ የሚዘል ጃንጥላ በቲቪው ሲያልፍ አይታችሁ ይሆናል። እነዚህ ፍጥረታት የአንድ ካርቱን ሠሪ ፈጠራ አይደሉም። ጃፓን ውስጥ ዮካይ ይባላሉ። ከመንደር ተረት ተነሥተው በሥዕል መጽሐፍ፣ በቲያትር፣ በኮሚክና በጌም በኩል አልፈው ነው እኛ ጋ የደረሱት። ብዙ ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች ከታች አሉ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮካይ ሲባል ምን ምን ያካትታል?

ብዙ ነገር። እንስሳ ሊሆን ይችላል፣ ዕቃ ሊሆን ይችላል፣ ድምፅ ብቻም ሊሆን ይችላል። አዙኪ-አራይ የሚባለው ለምሳሌ ሌሊት ወንዝ ዳር ቀይ አደንጓሬ ሲታጠብ የሚሰማ ድምፅ ነው። ትጠጋላችሁ፣ ማንም የለም። አካናሜ የሚባለው ደግሞ ሥራው በሌሊት መጥቶ ያልጸዳ መታጠቢያ ቤት መላስ ነው። በቃ፣ ሌላ ክፋት የለበትም። መታጠቢያ ቤቱን ማጠብ የሰለቸውን ሰው ለማስነሣት ግን ይህ ብቻውን ይበቃል።

ባጭሩ ሰው ምክንያቱ ያልገባውን ነገር ሁሉ ስምና መልክ ሰጥቶ ያስቀመጠበት ትልቅ መዝገብ ነው በሉት።

ሰይጣን ናቸው ወይስ እንደ ዛር ናቸው?

ሰይጣን በምንለው መልኩ አይደሉም። ዮካይ ከፈጣሪ ጋር የሚዋጋ ሠራዊት የለውም፣ አለቃም የለውም። አንዳንዱ ክፉ ነው፣ አንዳንዱ ተንኮለኛ፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ የሚኖር። ያው አንዱ ፍጥረት ባንዱ መንደር መባ ይቀርብለታል፣ በሚቀጥለው መንደር ደግሞ ልጅ ያስፈራሩበታል።

ከዛርና ከቡዳ ጋር ግን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፣ እሱም የሚያስቅ አይደለም። ድሮ ጃፓን ውስጥ ቀበሮ ሰው ላይ ይሰፍራል ተብሎ ይታመን ነበር። የተያዘው ሰው በሌላ ድምፅ ይናገራል፣ ቀበሮ የሚወደውን ምግብ አምጡ ይላል፣ ከዚያ አስወጪ ይጠራል። ዛሬ ሺማኔ በሚባለው አካባቢ ደግሞ «ቀበሮ ያላቸው» የሚባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ሀብት ድንገት ያፈራ ቤት ይጠረጠራል። ልጃቸውን የሚያገባ አይገኝም፣ ምክንያቱም ቀበሮው ከሙሽራዋ ጋር ይመጣል ይባላል። እኛ አገር «ቡዳ ነው» ተብሎ ጎረቤት ሲገለል የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የዛሬው ቆንጆ የካርቱን ቀበሮ ከጀርባው ይህም ታሪክ አለው።

ከሙት መንፈስ በምን ይለያሉ?

የሙት መንፈስ ዩሬይ ይባላል። ሰው ነበር፣ ሞቷል፣ ያልተወጣው በቀል ወይም ናፍቆት አለው። የሚከታተለውም አንድ የታወቀ ሰው ነው፣ የትም ቢሸሽ አይለቀውም። ዮካይ ግን ባብዛኛው ቦታ ጠባቂ ነው። ድልድይ፣ ወንዝ፣ የተራራ መንገድ ላይ ይቀመጣል። እዚያ ካልሄዳችሁ አይመጣባችሁም። ይህን ልዩነት ያስቀመጠው ያናጊታ ኩኒዮ የተባለው የፎክሎር ተመራማሪ ነው። በኋላ የመጡ ምሁራን የማይገጥሙ ምሳሌዎች ደርድረውበታል፣ ግን ለመነሻ ጥሩ ነው።

በጣም የታወቀችው ዩሬይ ኦይዋ ናት። በ1825 ኤዶ ውስጥ፣ ማለትም በዛሬዋ ቶኪዮ፣ የታየ የካቡኪ ተውኔት ገጸ ባሕርይ ናት። ባሏ ሌላ ሊያገባ ፈልጓል። እሷ ደግሞ መድኃኒት ነው ብላ የጠጣችው መርዝ ፊቷን ያበላሸዋል። መድረክ ላይ ፀጉሯን ስታበጥር ፀጉሩ በእፍኝ በእፍኝ እየተነቀለ ይረግፋል፣ ተመልካቹም ቀስ ብሎ እንዲያየው ተደርጎ ነው የሚሠራው። ተዋንያን ዛሬም ይህን ተውኔት ከመሥራታቸው በፊት ስሟ ወደተሰየመበት ቦታ ሄደው ይጸልያሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓለምን ያስደነገጡት የጃፓን አስፈሪ ፊልሞች ላይ ፊቷን በረጅም ጥቁር ፀጉር የሸፈነችው ሴት ከዚህ ዘር የመጣች ናት።

ካፓ ማነው? ለምንስ ከኪያር ጋር ይሣላል?

ካፓ ወንዝና ኩሬ ውስጥ የሚኖር፣ የሕፃን ልጅ ቁመት ያለው ፍጥረት ነው። ጀርባው የኤሊ፣ አፉ የወፍ፣ ጣቶቹ እንደ ዳክዬ በቆዳ የተያያዙ ናቸው። ዋናው ነገር ግን አናቱ ላይ ነው። እዚያ ውሃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን አለ፣ ጉልበቱም ያለው እሱ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ከፈሰሰ አቅም ያጣል።

ታዲያ ሰው የሚያሸንፈው በትግል አይደለም። በሥነ ሥርዓት ጎንበስ ብላችሁ ሰላምታ ትሰጡታላችሁ። ካፓ ጨዋ ስለሆነ መልሶ ጎንበስ ይላል፣ ውሃው ይደፋል፣ አለቀ። ሰው የሚጎትት የወንዝ ጭራቅ ይሉኝታ የሚጥለው ሌላ የት አገር እንደሆነ እንጃ።

ጠባዩ የተደበላለቀ ነው። ፈረስና ልጅ ወደ ውሃ ይስባል። ሱሞ መታገል ይወዳል። ክንዱን ተቆርጦ ሲለምን ከተመለሰለት ደግሞ ለውለታው አጥንት መጠገን ያስተምራል፤ የወጌሻ ዕውቀታችን ከካፓ የተገኘ ነው የሚሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ከምግብ ኪያር ይወዳል። ለዚህ ነው ሱሺ ቤት ገብታችሁ በሩዝ የተጠቀለለውን ኪያር ስታዙ ካፓ-ማኪ የሚባለው።

ተረቱ ለምን እንደኖረ ግልጽ ነው። ልጅ በወንዝ ይወሰድ ነበር። «ውሃው ጥልቅ ነው» ከማለት «ካፓ አለ» ማለት ይሠራል። ዛሬም አንዳንድ ኩሬ አጠገብ «እዚህ መጫወት አደገኛ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ላይ የካፓ ሥዕል ታያላችሁ።

ቀበሮስ? ታኑኪስ?

ሁለቱም መልክ እየለወጡ ሰው የሚያታልሉ እንስሳት ናቸው፣ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው።

ቀበሮዋ፣ ኪትሱኔ፣ ብልጥና አደገኛ ናት። ቆንጆ ሴት ሆና ታገባለች፣ ልጅ ትወልዳለች፣ ጭራዋ ሲታይባት ትጠፋለች። ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር ጭራዋ ይበዛል፣ መጨረሻው ዘጠኝ ነው። በሌላ በኩል የሩዝ አምላክ የሆነው የኢናሪ መልእክተኛ ናት፣ የኢናሪ መቅደሶች በር ላይ የቀበሮ ሐውልት የማይጠፋው ለዚህ ነው። የተጠበሰ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ምግብ) ትወዳለች ስለሚባል ያ ቶፉ ያለበት የኑድል ሾርባ በስሟ ይጠራል።

የዘጠኝ ጭራዋን ነገር የሚያስታውስ አንድ ዜና አለ። ታማሞ-ኖ-ማኤ የተባለች የንጉሠ ነገሥት እልፍኝ ቆንጆ ቀበሮ መሆኗ ታውቆ ተገደለችና ድንጋይ ሆነች ይባላል። ድንጋዩ ከቶኪዮ በስተሰሜን ናሱ በሚባል ቦታ አለ፣ ስሙም ገዳይ ድንጋይ ነው። አካባቢው እሳተ ገሞራ ስለሆነ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ እንስሳትም ይሞቱ ነበር። ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። በማርች 2022 ይህ ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ ተገኘ። ቀበሮዋ አመለጠች ተብሎ ሶሻል ሚዲያው ተንጫጫ። የአካባቢው ሰዎች ግን ስንጥቁን ከዓመታት በፊት አይተውት ነበር፣ ውሃ ገብቶ በብርድ በረዶ ሲሆን ድንጋይ ይከፍላል። ሁለቱም ወሬ እኩል ተነበበ፣ ምናልባት የቀበሮዋ በለጠ።

ታኑኪ ከራኩን ጋር የሚመሳሰል የውሻ ዘመድ ነው። ሆዳም፣ ሰካራም፣ ፎጋሪ። ቅጠል አናቱ ላይ አድርጎ መልኩን ይለውጣል፣ ቅጠሉን ገንዘብ አድርጎ መጠጥ ይገዛበታል። ባለሱቁ ጠዋት ካዝናውን ሲከፍት ቅጠል ያገኛል። የሚገርመው ያው ታኑኪ ዛሬ የሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ጠርሙስ ይዞ፣ ኮፍያ አድርጎ፣ በሸክላ ተሠርቶ ምግብ ቤት በር ላይ ደንበኛ እንዲያመጣ ይቆማል።

ጃንጥላ እንዴት ነፍስ ይኖረዋል?

ዕቃ 100 ዓመት ሲሞላው መንፈስ ያድርበታል የሚል ተረት አለ። እነዚህ ትሱኩሞጋሚ ይባላሉ። ተረቱ በመካከለኛው ዘመን በሥዕል ጥቅል ላይ ተጽፏል። የአዲስ ዓመት ጽዳት ሲደረግ አሮጌ ዕቃዎች መንገድ ላይ ይጣላሉ። ይሰበሰቡና «ይህን ሁሉ ዘመን አገልግለን እንዲህ ይደረገናል?» ብለው ይማከራሉ። ከዚያ ጭራቅ ሆነው ሰው ላይ ይነሣሉ። መጨረሻው ያልጠበቅሁት ነበር፦ ንስሐ ገብተው ቡድሂስት መነኮሳት ይሆናሉ።

እነዚህን ሁሉ መጀመሪያ ማን ሣላቸው?

የዮካይ ጥቅል ሥዕሎች ከድሮም ነበሩ። አንድ በአንድ ለይቶ፣ ስማቸውን አጠገባቸው ጽፎ፣ እንደ መዝገበ ቃላት ለሕዝብ ያቀረበው ግን ቶሪያማ ሴኪየን ነው። የመጀመሪያው መጽሐፉ በ1776 በእንጨት ቅርጽ ታትሞ ወጣ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ከሕዝብ የሰበሰባቸው ሲያልቁበት ራሱ ፈጠረ። ባብዛኛው በቃላት ጨዋታ፣ አንባቢውን ለማሳቅ። ዛሬ «ጥንታዊ» ከሚባሉት ዮካይ ጥቂት የማይባሉት የሱ ቀልዶች ናቸው።

እኔ እዚህ ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። «አኒሜ ባህሉን አበላሸው፣ ለገበያ አዋለው» የሚሉ አሉ። ዮካይ ግን ከ250 ዓመት በፊትም ይሸጥ ነበር። ኤዶ ከተማ ውስጥ በሥዕል፣ በቲያትር፣ በልጆች ካርታ ጨዋታ መልክ ገንዘብ ይወጣበት ነበር። የመንደር እምነት ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ብዙው ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ይቀበር ነበር።

የሚተረከው መቼ ነው?

ባብዛኛው ሙቀቱ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ። የሞቱ ዘመዶች ወደ ቤት ይመለሳሉ የሚባልበት የኦቦን በዓል በዚያ ጊዜ ስለሆነ አስፈሪ ተውኔትና የመናፍስት ቤት ሁሉ ያኔ ይደራል። ሰውነትን በፍርሃት ማቀዝቀዝ ይሻላል ብለው የሚቀልዱም አሉ።

በኤዶ ዘመን የተወደደ አንድ ጨዋታ ነበር። ሰዎች ማታ ይሰበሰባሉ፣ በሰማያዊ ወረቀት የተሸፈነ ፋኖስ ውስጥ 100 መብራት ያበራሉ። ተራ በተራ አስፈሪ ታሪክ ይነገራል። አንድ ታሪክ ሲያልቅ ተራኪው ተነሥቶ አንድ መብራት ያጠፋል። ክፍሉ ቀስ በቀስ ይጨልማል። መቶኛው ሲጠፋ የሆነ ነገር ይመጣል ይባላል። ብዙዎች 99ኛው ላይ አቁመው ይነጋባቸው ነበር።

ሚዙኪ ሺገሩ የሚባለው ስም ለምን ይደጋገማል?

ምክንያቱም ዛሬ ጃፓናዊ ዮካይ ሲባል በአእምሮው የሚመጣበት ሥዕል ባብዛኛው የሱ ነው። በ1922 ተወለደ፣ ሳካይሚናቶ በምትባል የወደብ ከተማ አደገ። ልጅ እያለ ቤታቸው የምትመጣ አንዲት አሮጊት የዮካይ ታሪክ ስትነግረው ነው ነገሩ የያዘው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ኒው ብሪተን ደሴት ተላከ። ወባ ታሞ ሳለ በአየር ድብደባ ግራ እጁን አጣ። በቀረችው ቀኝ እጁ ሣለ፣ እስከ 2015፣ በ93 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ።

ከጦርነቱ በኋላ የጀመረው በካሚሺባይ ሥዕል ነው። ይህ የመንገድ ላይ ትርኢት ነው። ሰውየው በብስክሌት ይመጣል፣ ሁለት እንጨት እያጋጨ ልጆቹን ይጠራል፣ ከረሜላ ይሸጣል፣ ከዚያ በትንሽ የእንጨት መድረክ ውስጥ ሥዕሎችን እየመዘዘ ይተርካል። ከረሜላ የገዛ ፊት ይቆማል። ኪታሮ የሚባለው ባለአንድ ዓይን የመናፍስት ልጅ የመጣው ከዚህ የመንገድ ተረት ነው። ሚዙኪ ወስዶ ኮሚክ አደረገው፣ በ1968 ደግሞ የቴሌቪዥን አኒሜ ሆነ። የኪታሮ አባት አንድ የዓይን ኳስ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፣ በሻይ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ሙቅ ውሃ ይታጠባል። አስቀያሚ ሊሆን የሚገባው ነገር እንዴት እንዲህ እንደሚወደድ ማየት ከፈለጋችሁ ያችን አንዲት ሥዕል እዩ።

ፖኬሞንና ናሩቶ ውስጥ ያሉት ከዚህ የመጡ ናቸው?

ሁሉም አይደሉም፣ ብዙዎቹ ግን አዎ። የናሩቶ ዘጠኝ ጭራ ያለው ቀበሮ በቀጥታ ከተረቱ ነው። ፖኬሞን ላይ ናይንቴልስ ያችው ቀበሮ ናት፣ ሺፍትሪ ረጅም አፍንጫ ያለው የተራራ መንፈስ ቴንጉ ነው፣ ፍሮስላስ ደግሞ በበረዶ ማዕበል የምትመጣዋ ሴት ዩኪ-ኦና ናት። የጨዋታው ፈጣሪ ታጂሪ ሳቶሺ መነሻው በልጅነቱ ነፍሳት መሰብሰቡ እንደነበር ተናግሯል። ግን ፍጥረቶችን ለይቶ፣ ሰይሞ፣ ጠባያቸውን ጽፎ በመዝገብ ማስቀመጥ ሴኪየን በ1776 ያደረገው ነገር አይደለም ትላላችሁ?

ከፊልም በየትኛው ልጀምር?

ሚያዛኪ ሃያኦ በ2001 ባወጣው «ስፒሪትድ አዌይ»። የ10 ዓመቷ ልጅ ወላጆቿ አሳማ ሲሆኑባት የአማልክትና የመናፍስት መታጠቢያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በ2003 የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። አንድ ቦታ ላይ ትኩር በሉ። የሚገማ፣ ጭቃ የሚያፈስ እንግዳ ይመጣል፣ ሁሉም አፍንጫውን ይይዛል። ልጅቷ ጎኑ ላይ የተሰካ ነገር አግኝታ ትጎትታለች። ብስክሌት ነው። ከኋላው የቆሻሻ ተራራ ይከተላል። እንግዳው የተበከለ ወንዝ መንፈስ ነበር። ሚያዛኪ ራሱ ወንዝ ሲያጸዳ ብስክሌት ጎትቶ ማውጣቱን ተናግሯል።

ይህ ፊልም በጃፓን ሲኒማ ቤቶች የገቢ ክብረ ወሰኑን ለ19 ዓመት ያህል ይዞ ቆየ። በ2020 የነጠቀው ደግሞ ኦኒ የሚባሉ ሰው በላ ጭራቆችን እያደነ የሚገድል ልጅ ታሪክ፣ የ«ዲመን ስሌየር» ፊልም ነው። ልብ በሉ፣ መናፍስቱን መናፍስት ነው የተካቸው። ለትንንሽ ልጆች ግን ሁለተኛውን አልመክርም። አንገት ይቆረጣል፣ ደም ይበዛል።

ጃፓኖች ዛሬም ያምኑበታል?

እንደየሰው ነው። ወንዝ ውስጥ ካፓ አለ ብሎ የሚምል ብዙ አታገኙም። ለኢናሪ ቀበሮ ቶፉ የሚያቀርብ ግን አለ። «ታምናለህ?» ብሎ መጠየቁ ራሱ ብዙም አያስኬድም።

አዲስ ዮካይ ይወለዳል?

ይወለዳል። በ1979 በመላው ጃፓን ልጆች ስለ ኩቺሳኬ-ኦና ማውራት ጀመሩ። ማስክ ያደረገች ሴት መንገድ ላይ አስቁማ «ቆንጆ ነኝ?» ትላለች። አዎ ስትላት ማስኩን ታወርዳለች። አፏ እስከ ጆሮዋ የተቀደደ ነው። «አሁንስ?» ማምለጫው «ፖማድ» የሚለውን የፀጉር ቅባት ስም ደጋግሞ መጥራት ነው ተባለ፣ ሽታውን ትጠላለች ተብሎ። ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ባብዛኛው ከልጅ ወደ ልጅ፣ በጥቂት ወራት አገር አዳረሰ። በአንዳንድ ቦታ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ቤት እንዲሄዱ ተደርጓል።

የተረሳ ዮካይም ይነሣል። በ1846 በዛሬው ኩማሞቶ አካባቢ ከባሕር የወጣ፣ ረጅም ፀጉርና የወፍ አፍ ያለው ፍጥረት ስለ መጪው ምርትና ስለ ወረርሽኝ ተንብዮ «ሥዕሌን ለሰው አሳዩ» ብሎ ተመለሰ ተብሎ በአንድ የዜና ወረቀት ታተመ። ስሙ አማቢዬ ነው። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ጃፓኖች ሥዕሉን እየሣሉ በኢንተርኔት አጋሩት። ዳቦ ቤቶች በመልኩ ኬክ ጋገሩ፣ የጤና ሚኒስቴር ሳይቀር በቅስቀሳ ፖስተሩ ላይ አደረገው።

ጃፓን ብሄድ የት አያቸዋለሁ?

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ሳካይሚናቶ። ከጣቢያው የሚጀምረው መንገድ ግራና ቀኝ ከሚዙኪ ሥዕል የተሠሩ ከ170 በላይ የነሐስ ሐውልቶች ቆመዋል። ወደዚያ የሚወስደው ባቡርም በኪታሮና በጓደኞቹ ሥዕል ያሸበረቀ ነው።

ቶኖ፣ በሰሜን ምሥራቅ፣ ያናጊታ በ1910 ያሳተማቸው ተረቶች አገር ናት። ከቤተ መቅደስ ጀርባ ካፓ አለበት የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ፣ ኪያር የታሰረበት የዓሣ ማጥመጃም ታያላችሁ። የከተማዋ የቱሪዝም ማኅበር የካፓ ማጥመጃ ፈቃድ ይሸጣል። ደንቡ ካፓውን ሳይጎዱ በሕይወት መያዝ ነው።

ቶኪዮ የምትቀሩ ከሆነ ካፓባሺ የሚባለው የወጥ ቤት ዕቃ ሰፈር ሂዱ። በወርቅ የተለበጠ የካፓ ሐውልት አለው፣ ጥሩ ቢላም ትገዛላችሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ብርድ የምትሄዱ ደግሞ አኪታ ውስጥ ወዳለው የኦጋ ልሳነ ምድር። በዲሴምበር 31 ማታ ጭንብልና የገለባ ካባ የለበሱ ናማሃጌዎች «የሚያለቅስ ልጅ አለ?» እያሉ በየቤቱ ይገባሉ። አባወራው ሳኬና የሩዝ ኬክ ያቀርባል፣ ስለ ልጆቹ ጠባይ ይማልዳል። ዩኔስኮ በ2018 ከሌሎች ተመሳሳይ የጃፓን ሥርዓቶች ጋር መዝግቦታል። ወደ ሰው ቤት ገብቶ ማየት ለእንግዳ አይመችም፣ ግን እዚያው ያለው የባህል ቤት ለጎብኚዎች ሥርዓቱን አስመስሎ ያሳያል። ትንሽ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ከኋላ ተቀመጡ።